ግራጫዋ መኪና ስትለወጥ

የመንጃ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ጋሽ ፍሬን ይሉታል። ከጎናቸው ተቀምጦ አብዝቶ የሚናገረው ቃል እሱ ስለሆነ ነው እንጂ ክፋት የለውም። የዕድሜውን እኩሌታ ያሳለፈው በተሳፋሪ ወንበር ላይ ነው። ከእግሩ ሥር ለአስተማሪ ተብላ የተገጠመች ተጨማሪ ፍሬን አለች፤ ከጎኑ መሪውን አንቆ የያዘ ተማሪ፣ ከፊቱ ሁልጊዜ ያው አደባባይ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሦስተኛ ማርሽ በላይ ዓለም እንዳለ የሚያውቀው በወሬ ነው እያለች ትስቅበት ነበር።

የአባቱ ቤት ተሸጦ ለወንድምና እህት ሲከፋፈል፣ በድርሻው ጣሪያውን ያሳድሳል ብሎ የጠበቀ ዘመድ ሁሉ አፉን ያዘ። ጋሽ ፍሬን የስፖርት መኪና ገዛ። ዝቅ ያለች፣ ጎማዋ ሰፊ፣ የኋላ ወንበሯ ለስሙ ያህል የተቀመጠ፣ ግራጫ መኪና። ሚስቱ ጨርቅ እየቆረጠች ቀና ብላ አየችውና «ይውጣልህ፤ ጣሪያው እንደሆነ ማፍሰስ ለምዷል» አለች። 

የመጀመሪያዎቹን ወራት ሰውዬው ሌላ ሰው ሆኖ ከረመ። እሑድ እሑድ ከተማው ሳይነቃ ወደ አውራ ጎዳናው ይወጣል። ነዳጅ መስጫዋን ሲረግጣት ወንበሩ ጀርባውን ገፋ ያደርገዋል፤ ያቺን ግፊት ለማንም በቃላት ማስረዳት አልቻለም። ተመልሶ ሲገባ ፊቱ እንደታጠበ ሰው ያበራል። ሚስቱም በሆዷ፣ እንኳን ገዛ ማለት ጀምራ ነበር።

ነገር የመጣው ልጁን ለሥራ ፈተና ወደ ጎረቤት ከተማ ሲወስዳት ነው። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። ከፊት መንገዱ ጭር ብሏል። ጋሽ ፍሬን ፍሬቻ አሳየ፣ ወጣ፣ ረገጠ። መኪናዋ እንደ ልማዷ ተወነጨፈችና ልክ ከጭነት መኪናው ጎን ስትደርስ ትንፋሿ ተቋረጠ። ሞተሩ አልጠፋም፣ የማስጠንቀቂያ መብራት አልበራም፤ ብቻ ከእግሩ ሥር ያለው ነገር ባዶ ሆነ። ቢረግጥ፣ ቢረግጥ፣ ምንም። የዳገቱ ጫፍ ላይ አንድ አውቶቡስ ብቅ አለ። እንዴት ፍሬን እንደያዘ፣ እንዴት ከሲሚንቶው መኪና ኋላ ተመልሶ እንደገባ አያውቀውም። አውቶቡሱ ጥሩንባውን እያስጮኸ ሲያልፍ የጎን መስታወቶቻቸው ሊሳሳሙ ምንም አልቀራቸውም።

ልጁ የወንበር ቀበቶዋን እንደጨበጠች «አባዬ፣ ምን ነካህ? ለምን ተውከው?» አለችው።

አልተውኩትም ሊላት አፉን ሲከፍት መኪናዋ ነፍስ ዘራች። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ዳገቱን ፉት አለችው። ልጁ አባቷን ከጎን አየት አድርጋ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

በማግስቱ መኪናዋን ወደ ገዛበት አስመጪ ድርጅት ወሰዳት። ወለሉ ፊት የሚያሳይ፣ ወንበሩ ሰው የሚውጥ አዳራሽ ነው። ሲገዛ እዚያው ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ አቅርበውለት፣ እስከ በር ሸኝተውታል። አሁን የገባው ግን በጎን በኩል፣ በጥገናው በር ነው። የተቀበለችው ልጅ የሚለውን ሁሉ ጽፋ ይደውሉልዎታል አለችው። የደወለለት የለም። ሳምንት አልፎት ራሱ ሲሄድ መኪናዋን አጥበው አስረከቡት፤ ምንም አልተገኘባትም ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ቀለበት መንገዱ ሲገባ ደገመችው።

ሁለተኛ ጊዜ ሲሄድ ሌላ ልጅ ተቀበለችውና ታሪኩን ከሀ ብሎ ጀመረ። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካ ዕቃ መቀየር አለበት ተባለ። ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ለሥራ በአውቶቡስ ተመላለሰ። ተቀየረ፤ በዚያው እሑድ ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜ አንድ መካኒክ አብሮት ወጣ። ያን ቀን መኪናዋ እንደ ጨዋ ልጅ ሆነች፤ ሽቅብ ብትል ቁልቁል አንዴም አላነከሰችም። አራተኛ ጊዜ ሲረከባት በሩ ላይ ጭረት አገኘ። ጭረቱ ይዘውት የመጡት ነው አሉት።

የዚያን ቀን ደሙ ፈልቶ ኃላፊ ጥሩልኝ አለ። የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ለስላሳ ሰው ነው፤ ሲናገር ድምፁን ዝቅ፣ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። በመስታወት ወደተከለለች ቢሮው አስገብቶ አስቀመጠውና በሩን ዘጋ።

«ጋሼ፣ ቅር እንዳይልዎት» አለ። «እንዲህ ያለ መኪና እግር ይፈልጋል። ሰው ሲደነግጥ ሳያውቀው እግሩን ያነሳል። ኮምፒውተሩ ላይ ሰክተን አይተነዋል፤ ነዳጁ የተቋረጠው እግር ስለተነሳ ነው የሚለው።»

ጋሽ ፍሬን ንዴቱን ዋጥ አድርጎ፣ የመንጃ አስተማሪ መሆኑን፣ በእጁ ያለፈው ሾፌር ይህን አዳራሽ ሞልቶ እንደሚተርፍ ነገረው። ኃላፊው ፈገግ አለ፤ ፈገግታው የሹፈት አልነበረም፣ የአዘኔታ ነበር።

«እሱ ነው እኮ፣ ጋሼ። እግርዎ ፍሬን ለምዷል።»

ከስድብ ሁሉ ይኼኛው ሆዱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ በንዴት ሲያላምጠው ከረመ፤ ቀስ በቀስ ግን ንዴቱ ቀዘቀዘና ጥርጣሬው ብቻውን ቀረ። እውነት ቢሆንስ? ልጁም እኮ ያለችው ይህንኑ ነው፤ ለምን ተውከው ነው ያለችው። እራት ላይ ተቀምጦ ቀኝ እግሩን ከጠረጴዛው ሥር ይረግጥና ያነሳ ጀመር፤ ሲረግጥ ያውቀዋል? ሲያነሳስ ያውቀዋል? ሚስቱ የወለሉን ድምፅ እየሰማች ሰሃኑን ታነሳለች። ሐኪም ዘንድ ሄዶ እግሩን አስመረመረ። ሐኪሙ ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ ኮርኩሞ፣ እግሩ ዘሎ ሲመታው ስቆ፣ በዚህ እግር ኳስ መጫወት ይችላሉ ብሎ ሸኘው። ያም አላጽናናውም። የጠየቀው ስለ ጉልበቱ አልነበረማ።

ጥርጣሬው ወደ ሥራው ተከትሎት ገባ። ተማሪ ሲነዳ፣ ምንም በሌለበት፣ እግሩ ቀድሞት ፍሬኗን ይደፍቃታል። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ባዶ መስቀለኛ መንገድ ላይ እንዲህ አድርጎባት ግንባሯ መሪው ላይ ሊያርፍ ሲል ለጥቂት ተረፈች። ሴትዮዋ መኪናውን እዚያው አቁማ ወረደች፤ ሌላ አስተማሪ ይሰጠኝ ማለቷን ከትምህርት ቤቱ ባለቤት ሰማ። ባለቤቱ የድሮ ወዳጁ ነው፤ አልተቆጣውም። ትንሽ አረፍ ብትልስ ብቻ አለው። ጋሽ ፍሬን ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቆየ።

ሚስቱ በመጨረሻ፣ እስቲ እኔ አብሬህ ልሂድ፣ በዓይኔ ልየው አለችው። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ዞሩ። ሲቀድም፣ ዳገት ሲወጣ፣ ፍጥነት ሲጨምር፣ መኪናዋ ውልፍት አላለችም። ሚስቱ በሚመለሱበት መንገድ ላይ እጇን ክንዱ ላይ አድርጋ፣ በቃ ሽጣት፣ ሰላምህን ነሳችህ አለችው። ስለ እግሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አለመናገሯ ከመናገር ብሶ አቆሰለው።

መፍትሔውን ያመጣው የሚስቱ ወንድም ነው። ነጋዴ ነው፤ ነገር የማያስጨንቀው፣ ከማንም ጋር በአንድ ቀን የሚወዳጅ ሰው። ከከተማው መውጫ ላይ ያገለገለ መኪና ተቀብሎ ሌላ የሚሰጥ ድርጅት ያውቃል፤ ልዩነቱን ያስተካክሉሃል አለው። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀው።

«ያልጠየቁህን አትመልስ። አስመጪዎቹ ራሳቸው ምንም የለባትም ብለውሃል። አንተ ከነሱ በላይ ልታውቅ ነው? እንደሰማኸው ትናገራለህ፣ አለቀ።»

ጋሽ ፍሬን ነገሩን አገላብጦ አየው። መኪናዋ ጤነኛ ከሆነች ጥፋቱ የእግሩ ነው፤ ጥፋቱ የእግሩ ከሆነ ደግሞ ለገዢ የሚነገር ነገር የለም። ሂሳቡ የተዘጋ ይመስላል። ግን ጠዋት ሊወጣ ሲል ጫማውን አስሮ ፈታው፤ መልሶ አሰረው።

ድርጅቱ ሰፊ ግቢ ነው፤ መኪኖቹ እንደ ሰልፈኛ ተደርድረው መስታወታቸው ላይ ዋጋ ተለጥፏል። መኪና የምትገምተው ሴት በሩ ላይ ተቀበለችው። ጎልማሳ ናት፤ ሰማያዊ የሥራ ካፖርት ለብሳለች፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታዋለች። ሰላም ካለችው በኋላ ቃል ሳትጨምር ሥራዋን ጀመረች። የበሩን ክፍተት በጥፍሯ ጠርዝ ተከትላ ወረደች። ኮፈኑን አስከፍታ የዘይቱን ክዳን አሸተተች። ጎማዎቹን በመዳፏ ዳበሰች። ጭረቱ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ አለፈችው። ከዚያ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አውርዳ አየችው።

«ንጹህ መኪና ናት። ለምን ይለውጧታል?»

ልጄ ትምህርት ጨረሰች፣ ሰፋ ያለ የቤተሰብ መኪና ፈለግን አላት። ውሸት ቢሆንም ቀላል ውሸት ነበር።

«የሚያስቸግር ነገር አላት?»

 «አስመጪዎቹ አይተዋታል። ምንም የለባትም ብለዋል።»

ገማቿ መልሱ ትንሽ ጠማማ እንደሆነ የገባት መሰለ፤ ለአፍታ ዓይኗ ፊቱ ላይ ቆየ። ግን ያን ቀን ሌሎች መኪኖችም ይጠብቋት ነበር። ቁልፉን ተቀበለችውና ወጣ ብለን እንያት አለች።

እሷ ከመሪው ኋላ፣ እሱ ከጎኗ። ይህ የዕድሜ ልክ ቦታው ነው፤ ዛሬ ግን እግሩ ሥር ፍሬን የለም። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ፣ መልሶ አቀረበው። ሴትዮዋ በደንብ ትነዳለች። መስታወቷን ሳትጨናነቅ ታያለች፣ ማርሽ ስትቀይር አይሰማም። ከከተማው ወጥተው አውራ ጎዳናው ላይ ሲደርሱ ረገጥ አደረገችው፤ መኪናዋ እንደ ድሮዋ ተወነጨፈች። ገማቿ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«ጉድ ናት» አለች፣ ለራሷ ይመስል።

አንዲት ሚኒባስ ደረሱባት። ጋሽ ፍሬን የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠ። ሴትዮዋ ወጣች፣ አለፈች፣ ገባች። ምንም አልሆነም። እፎይ ሊል ሲገባው ሐሞቱ ፈሰሰ። እንግዲያው እግሬ ነው፤ አርጅቻለሁ፤ ልጄን ልገድላት የነበርኩት እኔው ነኝ አለ በልቡ።

ዳገቱ ከሩቅ ታየ። ያው ልጁን ይዞ የወጣው ዳገት ነው። ግማሹ ላይ ረጅም የነዳጅ ቦቴ በጭንቅ ይጓዛል። ገማቿ ፍሬቻ አሳየችና ወደ መሐል መስመሩ ጠጋ ብላ ወደ ፊት አየች።

አሁን መናገር ነበረበት። አንድ ቃል፣ ቆይ የምትል ቃል፣ ትበቃ ነበር። ዝም ያለው ስለ መኪናዋ ዋጋ እንዳልነበር ኋላ ለሚስቱ ሲነግራት ማልቀስ ቃጥቶታል። ዝም ያለው እንዲሆን ስለፈለገ ነው። በሌላ ሰው እግር ሥር፣ በዓይኑ ፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ፈለገ። ይህ ፍላጎት ለስንት ጊዜ ከውስጡ ተኝቶ እንደነበር አያውቅም፤ ብቻ ሴትዮዋ መሪውን ስታዞር እንደ ረሃብ ሆኖ ተሰማው፤ ከዚያ ወዲያው ምን እየተመኘ እንደሆነ ገባውና ደነገጠ።

«አይቅደሙ!» አለ።

ዘግይቶ ነበር። መኪናዋ ከቦቴው ጎን ወጥታለች። የቦቴው ጎማዎች በመስኮቱ ትይዩ፣ የሰው ቁመት አክለው ይሽከረከራሉ። እዚያ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ ትንፋሿ ተቋረጠ።

ሴትዮዋ ረገጠች። ጉልበቷ ሲዘረጋ፣ የጫማዋ አፍንጫ ወለሉን ሲነካ ጋሽ ፍሬን በዓይኑ አየ። ነዳጅ መስጫዋ እስከ መጨረሻ ወርዳለች፤ መኪናዋ ግን እየቀዘቀዘች ነው። «ምንድን ነው? ምንድን ነው ይሄ?» አለች ገማቿ። የዳገቱ ጫፍ ላይ የአንድ መኪና መብራት ብልጭ አለ።

ያን ጊዜ ከጋሽ ፍሬን አፍ የወጣው ድምፅ የሥራው ድምፅ ነው። አልጮኸም። አክብሮቱም የት እንደገባ አላወቀም።

«እግርሽን አንሺ። ተይው፣ አይሠራም። ወደፊት አትይ፣ ቦቴውን እዪ። ፍሬን። ቀስ... ቀስ አድርጊ፣ መሪውን ቀጥ አድርገሽ ያዢ። ይለፈን። ይለፈን። ጅራቱን አየሽው? አሁን ግቢ።»

ገባች። ከፊት የመጣው መኪና በነፋሱ እየናጣቸው አለፈ፤ ጥሩንባው ከኋላቸው እየተጎተተ ራቀ። ገማቿ መንገዱ ዳር ጠጠሩ ላይ አቁማ ሞተሩን አጠፋች። ሁለቱም እጆቿ መሪው ላይ ቀሩ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጋሽ ፍሬን መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር። ሸክሙን እንደ ጣለ ሰው፣ ትከሻው ሁሉ ቀለለው። «እግሬ አይደለም» አለ። ደገመው። «አየሽ? እግሬ አይደለም እኮ!» ሳቁ አመለጠው፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ።

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ዞር አለች። ፊቷ ዓመድ መስሏል።

«ያውቁ ነበር?»

ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ሊል የሚችለው ብዙ ነገር ነበር፤ አስመጪዎቹን፣ ኮምፒውተሩን፣ የሚስቱን ወንድም። ሁሉም ከንፈሩ ላይ መጥተው ተመለሱ።

«አውቅ ነበር።»

«ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ ነው የመጣሁት» አለች። ድምፅዋ አልከረረም። በሩን ከፍታ ወረደች፣ የመንገዱን ዳር አጥር ጨብጣ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች። ቦቴው ከሩቅ አሁንም ዳገቱን ሲወጣ ይሰማል።

ወርዶ አጠገቧ ሳይሆን ፈንጠር ብሎ ቆመ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት። ልጁን፣ አራቱን የጥገና ጉዞዎች፣ እግርዎ ፍሬን ለምዷል መባሉን፣ ተማሪዋን።  ሲጨርስ፣ በሩ ላይ ስትጠይቀው ለምን እንዳልተናገረ ጠየቀችው።

«ማንም አላመነኝም» አላት። «እኔም ራሴን ማመን ተውኩ። ከዚያ ደግሞ... በእርስዎ ላይ ሲሆን ማየት ፈለግሁ መሰለኝ። ዳገቱ ላይ መናገር እችል ነበር።»

ይህን መስማት አልጠበቀችም። ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠች። እርስዎ ይንዱ፣ ቀስ ብለው አለችውና ወደ ኋላ ወንበር ገባች። ከሱ ጎን መቀመጥ አልፈለገችም። ወንበሩ ለሰው የተሠራ አልነበረምና ጉልበቷን አገጯ ድረስ አጥፋ ተቀመጠች፤ በሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም ይስቁ ነበር። እስከ ግቢው ድረስ ከጭነት መኪኖች ኋላ እየተጎተቱ ተመለሱ። 

ቢሮዋ ውስጥ ስትገባ እሱ በሩ ላይ ቆመ፤ ተቀመጡ አላለችውም። የስልኩን ድምፅ ሁለቱም እንዲሰሙ ከፍ አድርጋ አስመጪው ድርጅት ደወለች። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያስተላልፏት ቆይተው በመጨረሻ የጥገና ኃላፊው ለስላሳ ድምፅ መጣ። ማን እንደሆነች፣ የቱን መኪና እንደያዘች፣ ምን እንደደረሰባት ነገረችው። ኃላፊው በትዕግሥት ሰማት።

«ይገባኛል፣ እሜቴ» አላት። «ግን እንዲህ ያለ መኪና እግር ይፈልጋል። ሰው ሲደነግጥ ሳያውቀው እግሩን ያነሳል።»

ገማቿ ቀና ብላ በሩ ላይ የቆመውን ሰው አየችው። ከዳገቱ ወዲህ ፊት ለፊት ስታየው ይህ የመጀመሪያው ነው። ንዴቷ አልበረደም፤ ብቻ ከሱ ላይ ተነስቶ ግማሹ ወደ ስልኩ ዞረ።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ይዣት እመጣለሁ» አለች። «እርስዎ ይነዳሉ፣ እኔ ከጎንዎ እቀመጣለሁ። ያንን ዳገት ቦቴ ቦቴ እየቀደምን እንመላለስበታለን። እግርዎን አያለሁ።»

 ከዚያ ኃላፊው አማክሬ ልደውልልዎ አለ። ጋሽ ፍሬን የዚህን «ልደውልልዎ» ትርጉም ስለሚያውቀው ተስፋ አላደረገም። ግን ብዙ ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ኃላፊው አሁን ድምፁ ለስላሳ አልነበረም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፓምፕ ሲግል ሥራ እንደሚያቆም፣ ከዚህ በፊት ከሌሎች ደንበኞችም ተመሳሳይ አቤቱታ እንደደረሳቸው፣ ከአምራቹ ማረጋገጫ እስኪመጣ ለማንም እንዳይናገሩ ከበላይ እንደታዘዙ ተናገረ። በዋስትናው እንቀይረዋለን አለ። ጋሽ ፍሬን ይህን ሲሰማ እጮህበታለሁ፣ እሰድበዋለሁ ብሎ ሲያስብ የነበረው ሁሉ ጠፋው። በሩን ተደግፎ ቆመ።

ውሉ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ድርጅቱ መኪናዋን የሚቀበላት ፓምፑ ተቀይሮ፣ ገማቿ ራሷ ነድታ ካረጋገጠች በኋላ ብቻ ለሽያጭ እንድትቀርብ ነው። ዋጋዋም በዚያው ልክ ወረደ። በምትኳ ለጋሽ ፍሬን የደረሰችው ያገለገለች ባለአራት በር መኪና ናት። ጮክ ብላ የምትነሳ፣ ሰው የማያስደነግጥ ዓይነት። ግራጫዋን ወደ ግቢው ጥግ ሲወስዷት ጎማዎቿ ጠጠሩን ሲፈጩ ሰማ፤ ሊያያት ዞር አለና ተወው። ይወዳት ነበር። ያን ያህል አስጨንቃው እንኳ ይወዳት ነበር።

ሊሰናበት እጁን ሲዘረጋ ገማቿ የአዲሷን መኪና ቁልፍ ሰጠችው እንጂ አልጨበጠችውም።

«ጋሼ፣ እውነትዎን ነበር» አለችው። «መኪናዋ መጥፎ ነበረች። እርስዎም ዛሬ ጥሩ ሰው አልነበሩም።»

ቤት ሲደርስ የሚስቱ ወንድም አስቀድሞ ወሬውን ሰምቶ ተቀምጦ ነበር። አፍህን ዝጋ ብዬ፣ ሰው እንዴት በገዛ እጁ ዋጋውን ያረክሳል እያለ ከንፈሩን መጠጠ።  ወንድሟ ሲሄድ ጋሽ ፍሬን ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት፤ ዳገቱ ላይ የፈለገውን ነገር ጭምር። ሚስቱ የልብስ ስፌት መኪናዋን አቁማ ሰማችው። የያዘችውን ጨርቅ አጣጥፋ፣ መልሳ ዘረጋችው።

«እኔም እግርህ መስሎኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አላልኩህም እንጂ ሐኪሙ ሳይቀር አብልጦ ቢያይህ እል ነበር።»

«አውቃለሁ» አላት።

«ይቅር በለኝ።»

ክንዷን ነካ አደረጋትና ተነስቶ ለልጁ ደወለ። ፈተናውን አልፋ ሥራ ጀምራለች፤ የምትኖረው እዚያው ጎረቤት ከተማ ነው። ስለ ፓምፑ ሲነግራት ደስ አላት፤ ያን ቀን ለምን ተውከው ማለቷን እያነሳች አፈረች። እሱ ግን እዚያ ላይ አላቆመም። ሴትዮዋን፣ ዝምታውን፣ የቦቴውን ጎማ ነገራት። 

«ሴትዮዋ ደህና ናት?» አለች ልጁ።

«ደህና ናት» አለ ቶሎ ብሎ። ስልኩን ዘግቶ ግን እንደዚያው እንደያዘው ቀረ። ቀኑን ሙሉ አብሯት ውሎ እሱ ይህን አልጠየቃትም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወደ ግቢው ሄደ። ገማቿ የአንዲት ቀይ መኪና ኮፈን ሥር አጎንብሳ ነበር። የእግሩን ኮቴ ሰምታ ቀና ስትል ፊቷ ጠቆር አለ፤ ውሉን ሊያፈርስ የመጣ መስሏት ይሆናል።

«ውሉን ብዬ አይደለም» አላት። «ትናንት ደህና ነዎት ወይ ሳልልዎ ሄድኩ። እሱን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ገማቿ እጇን በጨርቅ ጠረገች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ነበር የምትጠርገው፣ ቀስ ብላ።

«ጠዋት ልጆቼን ሳደርስ አውቶቡስ ከፊቴ ነበር» አለች። «መቅደም እችል ነበር። አልቀደምኩም። እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ከኋላው ሄድኩ።»

ጋሽ ፍሬን ራሱን ነቀነቀ።  እሷም መነጽሯን ወደ ዓይኗ መልሳ የዘይቱን ክዳን መፍታት ጀመረች። እሱ ሊሄድ ሲል፣ ሳታየው፣ ያን ረዥሙን መፍቻ ያቀብሉኝ አለችው። አቀበላት፣ እስክትጨርስም ኮፈኑን ይዞላት ቆመ።